የአደራ ውሻ

ጎረቤታችን ሐጃ «ዲብ» ይሉት ነበር፤ በእነሱ አፍ ተኩላ ማለት ነው። ሚስቴ ደግሞ «ውሻ ነው፣ ምን ሆናችኋል» እያለች እስከ መጨረሻው ተሟገተች። እኔ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ሰናዒያ በሚባለው የጋራዥ ሰፈር የማረሻና የትራክተር ብረት እበይዳለሁ። ስለ ብረት የጠየቀኝ ሰው መልስ ያገኛል፤ ስለ አውሬ ዘር ግን ያው እንደማንም ነኝ። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያ ፍጥረት ግቢያችን በኖረበት ጊዜ ሁሉ አንድም ቀን ለእኛ ብሎ ውሻ ሆኖ አልዋለም።

ያመጣው ልጃችን ነው። ያለን እሱ ብቻ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ወደ ፋሽጋ ወርዶ በሰሊጥ እርሻዎቹ ላይ ትራክተር ይነዳል። አንድ ክረምት፣ በሠራተኞቹ ሰፈር ፍርፋሪ ስትለቅም የኖረች ቢጫ ውሻ ከማሽላው ዳር ጉድጓድ ቆፍራ ወለደች። የቡችሎቹን አባት በዓይኑ ያየ ባይኖርም፣ ሲመሽ ከኾሩ፣ ከደረቁ ወንዝ ማዶ እየመጣ ሰፈሩን የሚዞር ተኩላ እንደነበር ሁሉም ያወራል። ሌሎቹ ቡችሎች እናታቸውን መሰሉ። አንዱ ግን እግሩ ረዘመ፣ ደረቱ ጠበበ፣ ዓይኑም ከሰው ዓይን ጋር ሲገጣጠም ዘወር የማይል ሆነ። የእርሻው ባለቤት «ኋላ ጣጣ ያመጣብናል፣ ግደሉት» አለ። ልጄ ሸሚዙ ውስጥ ደብቆ ለእናቱ ይዞላት መጣ።

«እማዬ፣ ሌባ የማያስጠጋ ጠባቂ አመጣሁልሽ» አላት።

ቡችላውን አየችው፣ ከዚያ እሱን አየችው። «አንተ ራስህ ቤት ብትቀመጥልኝ ጠባቂ ምን ያደርግልኛል» አለችው። እንዲህ እያለች ግን ወተት ልትፈልግለት ተነስታ ነበር።

ጠባቂነቱን ብዙም ሳንቆይ አየነው። አገሬው «ውሻ በበላበት ይጮሃል» ይላል። ይህ በልቶ ዝም ነው። አንድ ቀን ሁላችንም በሌለንበት ሌባ ግቢ ገብቶ የብየዳ ኬብሌን ጠቀለለ። የጮሁት ከግንቡ ማዶ የነበሩት ሐጃ ናቸው። ውሻው እንጨት ክምሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሰውየውን ከመግቢያው እስከ መውጫው በዓይኑ ሸኘው። «ያ ወልዲ፣ ልጄ፣ ወላሂ ሌባው ራሱ አፈረ» አሉኝ ሐጃ ማታ ስመለስ። ልጄ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እኔ ኬብሌ ስለነበር አልሳቅሁም።

«ና» ሲሉት ይሰማል። ጆሮው ይዞራል፣ ያይሃል፣ ነገሩን ያስብበታል፣ ከዚያ አይመጣም። እኔን ያናደደኝ ይህ ነው። ያልገባው ውሻ ይማራል፤ ገብቶት እንቢ ያለ ምን ይደረጋል? ብትቆጣው አይሸማቀቅም፣ ብታባብለው ጭራውን አይቆላም። ዱላ ያነሳሁበት ዕለት አልሸሸም፣ አልነከሰኝምም፤ ዝም ብሎ አየኝ፣ እኔው ዱላዬን ጣልሁ። ከልጄ ጋር ብቻ ሌላ ነበር። እሱንም ቢሆን እንደ ጌታው አያየውም፤ እንደ ጓደኛ ነበሩ። ማለዳ ልጄ ሞተር ብስክሌቱን አስነስቶ ከከተማ ሲወጣ ውሻው ከኋላው ይሮጣል። ሁለቱም አቧራ ለብሰው ሲመለሱ ውሃውን ጠጥቶ እስከ ማታ ይተኛል፣ እኛም ሰላም እናገኛለን። ያ ሩጫ የቀረ ቀን ግን ግቢው የማን እንደሆነ ይጠፋብሃል። የአንገረቡን አልጋ ገመድ ይበጣጥሳል፣ ከግንቡ ሥር ይቆፍራል፣ የተሰጣ ልብስ ጎትቶ ይቀብራል። ሚስቴ አንድ ቀን የክት ቀሚሷን ከመሬት ቆፍራ አወጣች።

ምግቡ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የማሽላ ገንፎ ብትሰጠው አሽትቶ ይሄዳል። ሚስቴ የሙስሊም እርድ ደጃፏን አልፎ የማያውቅ ሴት ናት፤ በበዓል ራሳችን ካላረድን እኛ ቤት ሥጋ የለም። ለዚያ ውሻ ብላ ግን ሐጃ ከሚገዙበት ሥጋ ቤት አጥንትና አንጀት ማምጣት ጀመረች። ድስቱን ለየች፣ የከሰል ምድጃውን ለየች፣ ሁለቱንም ከግቢው ጥግ አስቀመጠቻቸው። በዐቢይ ጾም አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና፣ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ስታማስል ያያት ሰው መርዝ የምትቀምም ይመስለዋል። «እኔ እጾማለሁ፤ እሱን ማን ክርስትና አነሳው?» ትላለች። ሐጃም በበኩላቸው ምራቁ ልብሳቸውን ከነካው ለሶላታቸው ሊታጠቡ ነው። እንዲያም ሆኖ ቶባቸውን ሰብስበው፣ ከምሳ የተረፈውን አጥንት በግንቡ ላይ ይወረውሩለት ነበር። «ፍጥረቱ ነው፣ ምን ያድርግ መስኪን» ይላሉ።

ልጄ የሄደው ጦርነቱ ካርቱምን ከመብላቱ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ለሊቢያ መንገድ መቁረጡን ከጓደኞቹ ሰማሁ። ተቆጣሁ፣ ለመንሁ፣ ሽማግሌ ላክሁበት። ሰማኝ፣ ገባው፣ እንቢ አለ። የሄደ ዕለት ጠዋት እናቱን አቅፎ ቆየ፤ ከዚያ እጇን ይዞ ወደ ውሻው ወሰዳትና መዳፏን አንገቱ ላይ አስቀመጠው።

«እማዬ፣ ይህን አደራ። እስክመጣ እንዳይጠፋብሽ።»

ይህን ያለው እንዳታለቅስበት ነው፤ ልቧን በሆነ ነገር ለመያዝ። ወጣት ምን ያውቃል? አደራ ለእናቱ ምን ማለት እንደሆነ አስቦ ቢሆን ኖሮ አፉን ይይዝ ነበር። የእኛ ሰው በአደራ አይጫወትም፤ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» እየተባልን ነው ያደግነው። በአደራ የተሰጠህን አትሸጥም፣ አትለውጥም፣ ለሌላ አታሳልፍም። ሰውየው መጥቶ እጁን እስኪዘረጋ እንደተቀበልከው ትጠብቃለህ። ሚስቴ ልጅ ሳለች አንዲት ጎረቤታቸው የተሰነጠቀ ጋን አደራ ብላ አስቀምጣ ነበር አሉ፤ እናቷ ቤት በለወጠች ቁጥር ያን ጋን በጀርባዋ ተሸክማ ትዞር ነበር። ሴትየዋ አልመጣችም፣ ጋኑም አልተጣለም። ሚስቴ ያደገችው በዚያ ቤት ነው።

ችግሩ ጋን አይሮጥም። ልጄ በሄደ ሳምንት ሳይሞላው ውሻው ግንቡን ዘለለ። ሚስቴ እስከ ማሽላው ማሳ ድረስ እየተጣራች ዋለች፤ እሱ ሲያሻው በራሱ ጊዜ ተመለሰ። ግንቡን በሽቦ ከፍ አደረግሁት፣ ከሥሩ ቆፈረ። ሥሩን በሲሚንቶ ሞላሁት፣ በሩ እስኪከፈት ጠብቆ በእግራችን መሃል ሾለከ። ሩጫው ነው የጎደለው ብላ ሚስቴ ማለዳ ማለዳ በገመድ ይዛው መውጣት ጀመረች። የገዳሪፍ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም፤ ነጠላ የለበሰች ሐበሻ ተኩላ ሲጎትታት። ሻይ የሚጠጡት ሁሉ ብርጭቆ ይዘው ከመንገድ ዳር ይቆሙ ነበር። ትወድቃለች፣ ትነሳለች፣ ገመዱን አትለቅም። አንድ ቀን እጇ ወልቆ፣ ገመዱ በክንዷ ላይ እንደተጠመጠመ፣ ውሻውን ይዛ ተመለሰች። ልቅም ያለ ሞኝነት ነው አልኋት። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብላ እሷው ሳቀች፤ ፊቷ ግን በሕመም ገርጥቶ ነበር።

በሌላ ጊዜ ሲያመልጥ የሐጃን ዶሮዎች ጨረሰ። ሐጃ ላባውን ጠርገው «አላህ የጻፈው ነው» አሉ እንጂ አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ቢሰድቡን ይሻለን ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ ከብት አርቢ፣ ጥጆቼ አጠገብ ካየሁት በጥይት እለዋለሁ ብሎ ላከብን።

«ሰንሰለት ሥራልኝ» አለችኝ ሚስቴ።

«ይህ በሰንሰለት የሚኖር አይደለም። እንልቀቀው። መሄድ ነው የሚፈልገው።»

«ልጄ ሲመጣ ምን እለዋለሁ? ለቀቅሁት እለዋለሁ?»

ሠራሁ። እያንዳንዱን ቀለበት በእጄ አጥፌ በየድሁት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጠንካራ ነገር ሠርቼ አላውቅም። በአገራችን ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ሲመሽ ይፈታል፣ እንዲያ ነው ኃይለኛ ጠባቂ የሚወጣው። ይህ ግን ሲመሽ ከፈቱት ስለማይመለስ ቀንም ማታም ከግቢው ዛፍ ጋር ታሰረ። አንድ ክረምት ሳያልፍ በዛፉ ዙሪያ ክብ መንገድ አወጣ። ዝናብ ሲዘንብ መንገዱ ውሃ ይቋጥራል፣ እሱ በውሃው ውስጥ ይዞራል። ከአንገቱ ማሰሪያ ሥር ጸጉሩ ተመለጠ። ሲመሽ ከኾሩ በኩል የመሰሎቹ ድምፅ ሲመጣ መጀመሪያ መጀመሪያ ይመልስላቸው ነበር፤ ረጅምና ቀጭን ጩኸት ነው፣ ከካርቱም ሸሽተው ሐጃ ቤት የተጠለሉት ሕፃናት እየፈሩ ያለቅሱ ነበር። በኋላ መመለሱን ተወው። ቀና ብሎ ያዳምጣል፣ ከዚያ አንገቱን ይደፋል።

ሐጃ አንድ ቀን በግንቡ ላይ ሆነው ሚስቴን «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ በእኛ እንስሳ አስሮ ማሰቃየት ኃጢአት ነው» አሏት፣ በለሰለሰ አንደበት።

«በእኛም ኃጢአት ነው ሐጃ» አለቻቸው። «አደራ መብላትም ኃጢአት ነው። ከሁለቱ የቱን ልሥራ?»

ሐጃ «አላህ ልጅሽን ያምጣልሽ» ብለው ወረዱ። ሌላ ምን ይባላል።

ልጄ በመጀመሪያው ዓመት ይደውል ነበር። ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀው «ውሻው አለ?» ነው። «አለ፣ ስማው» ትልና ስልኩን ታስጠጋለታለች፤ ውሻው ድምፁን ሲሰማ ተነስቶ ይቆማል። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። ወራት አለፉ። እኔ የባሰውን ማሰብ ጀመርሁ። እሷ ግን ጠዋት ከሁሉ አስቀድማ ወደ ውሻው ትሄዳለች፣ የተላጠ አንገቱን የሰሊጥ ዘይት ትቀባዋለች፣ ሳህኑን ታያለች። «ይኸው በልቷል፣ ደህና ነው» ትለኛለች። ስለ ማን እንደምትናገር አልጠይቃትም። እኔም ያን ክብ መንገድ ባየሁ ቁጥር «ኧረ ፍቺው» እያልሁ ማጉረምረሜን አልተውሁም።

መርዶው የደረሰኝ በሰኔ፣ ማረሻ ለጥገና በሚጎርፍበት ሰሞን ነው። የማኅበራችን ሽማግሌ፣ ሁላችንም አያ የምንላቸው፣ ጋራዥ ድረስ መጥተው የያዝሁትን እስክጨርስ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ወደ ጥላው ወስደው አስቀመጡኝ። ከልጄ ጋር የተሰደደ አንድ የገዳሪፍ ልጅ የድምፅ መልእክት ልኮላቸው ነበር። ልጄ ሊቢያ ውስጥ፣ ስደተኞችን በሚያጉሩበት መጋዘን ታሞ ሞቷል። «እኔው በእጄ ቀበርሁት» ይላል ድምፁ። ሌላም ይላል፤ እሱን አልጽፈውም።

አያ ትከሻዬን ይዘው ቆዩ። «እሷ ብቻዋን አትረዳም» አሉኝ። «ወንድሟ ይምጣ። የአንድ ልጅ እናት የሥጋ ዘመድ ሳይይዛት አይነገራትም፤ ደግሞ ደም ግፊት አለባት። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው።»

ይህ ልማዳችን ነው፣ ክፋት የለበትም። መርዶ እንደ ተራ ወሬ አይወረወርም። ሰው ተሰብስቦ በማለዳ ይሄዳል፣ አንዱ ከግራ አንዱ ከቀኝ ይይዛታል፣ ከዚያ ይነገራል። የሚስቴ ወንድም ግን ከድንበሩ ማዶ፣ ከገንዳ ውሃ ወዲያ ነው። ያኔ በዚያ በኩል ውጊያ ነበር። ሰው ላክንበት፣ «መጣሁ» አለ፣ መንገዱ ተዘጋ። ሲከፈት ተነስቶ መተማ ደረሰ፤ ድንበሩ ላይ አላሳልፍ ብለውት ጥቂት ቀን ተንገላቶ ተመለሰ። ደግሞ ስልኩ ጠፋ። አያ «ትንሽ እንታገሥ» ይላሉ። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴም አለፈ።

በዚያ ክረምት ልጁ እንዳልሞተበት ሰው ኖርሁ። እበላለሁ፣ ሰው ሲያወራ እሰማለሁ። «ዛሬም አልደወለም» ስትለኝ «መስመሩ ይሆናል» እላለሁ። የማለቅሰው ጋራዥ ነው፣ በብየዳ ጭምብሌ ውስጥ። የበያጅ ዓይን ቢቀላ ማንም ለምን አይልም። ቤት ስገባ ሚስቴ ዓይኔን አይታ የብየዳው ብርሃን ያቃጠለኝ ይመስላታል፤ አስተኝታ ድንች እየቆረጠች ዓይኔ ላይ ታስቀምጥልኛለች። «ሥራ ቀንስ፤ ልጅህ ሲመጣ የምታይበት ዓይን ይኑርህ» ትለኛለች። ከድንቹ ሥር እንባዬ ሲወርድ የድንቹ ውሃ ነው ብላ በነጠላዋ ትጠርግልኝ ነበር።

እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከውሻው አጠገብ እቀመጥ ነበር። ሰዎች ውሻ ሐዘን ያውቃል ይላሉ። ይህ አላወቀልኝም። ወይም አውቆ እንደ ልማዱ አስቦበት ትቶታል። ዞር ብሎ አንዴ ያየኛል፣ ከዚያ ዓይኑ ወደ በሩ ነው። አልተቀየምሁትም። በዚያ ቤት ውስጥ እኔ እንዳስመስልለት የማይፈልገው እሱ ብቻ ነበር።

መስከረም ሲገባ መብላት አቆመ። ሚስቴ አጥንቱን ትቀቅላለች፣ በእጇ ታቀርብለታለች፣ አፍንጫውን ያዞራል። ከዚያ መዞሩንም ተወ፤ በክቡ መሃል ተኝቶ ይውላል። የእንስሳት ሐኪም አመጣሁ። ሰውየው ዳበሰው፣ አፉን ከፍቶ አየው፣ መርፌ ወጋው፣ ሲወጣ ለብቻዬ ጠርቶ «መድኃኒት የለኝም። የታመመው መታሰሩን ነው» አለኝ። ይህን ለመስማት ሐኪም አላስፈለገኝም ነበር።

እሷም አብራው መብላት ተወች። ጉርሻዋን አስቀምጣ ትነሳለች፣ ሄዳ ታየዋለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። አንድ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ስለ ዝናብ እንደምታወራ በተራ ድምፅ፣ «እሱ ከሞተ ልጄም ሞቷል ማለት ነው» አለችኝ። እንጀራው እጄ ላይ ቀረ። ወንድሟ አልመጣም፣ መምጫውም አይታወቅም። ውሻው በሰንሰለቱ ላይ ከሞተ ደግሞ ማለዳም ሽማግሌም አይጠብቅም፤ ቁርሱን ይዛለት ወጥታ በድኑ ላይ ቆማ፣ ብቻዋን ነው የምትረዳው።

ወደ አያ ሄድሁ። «የሞተ ሰው አደራ ለማን ይመለሳል?» አልኋቸው።

«ለወራሹ ነዋ።»

«ወራሹ ማን ነው?»

ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው። «ሚስት አላገባ፣ ልጅ የለው» አሉ ቀስ ብለው። «አንተ ነህ ልጄ።»

ልጅ ነው አባቱን የሚወርስ። የብየዳ ማሽኔን፣ ደንበኞቼን፣ የጋራዡን ጥግ ላወርሰው አስቤ ነበር። እኔው ወረስሁት፤ የወረስሁትም አንድ መብላት የተወ ውሻ ነው። ከአያ ቤት እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድሁ። ሰላም ያሉኝን ሰዎች አንገቴን ደፍቼ አለፍኋቸው፤ ማን እንደነበሩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በማግስቱ ሚስቴ ወደ ሥጋ ቤቱ እስክትወጣ ጠበቅሁ። የበየድሁትን ልሞክር ብዬ የደንበኛ ፒካፕ ይዤ ነበር። ውሻውን ከነሰንሰለቱ አንስቼ ጫንሁት። ስሸከመው ምንም አልከበደኝም፤ ያን ሁሉ ግንብና ሲሚንቶ ያስጨረሰን አጥንትና ጸጉር ብቻ ሆኗል። ወደ ፋሽጋ የሚወስደውን መንገድ ይዤ ከከተማ ወጣሁ። ሰሊጡ ታጭዶ እየታሰረ ቆሟል፣ ማሽላው ገና አረንጓዴ ነው። ከኾሩ ዳር አቁሜ አወረድሁት፣ የአንገቱን ማሰሪያ ፈታሁ።

አልሄደም። ተነሳና መዞር ጀመረ። ዛፍ የለም፣ ሰንሰለት የለም፤ ግን ልክ ሰንሰለቱ ይፈቅድለት በነበረው ስፋት፣ ባዶ ሜዳ ላይ ይዞራል። መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

«ሂድ» አልሁት። «እሱ አይመጣም።»

ይህን ቃል ድምፅ አውጥቼ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። እዚያ ሰው የለም፣ እንደ ልቤ ላለቅስ እችል ነበር። አልመጣልኝም። ለካ ሰው ለረጅም ጊዜ ሲያፍነው እንባም እንደ ዛገ በር አልከፈት ይላል።

ውሻው ቆመ። ጆሮው ወደ ማሽላው ዞረ። ከዚያ ክቡን ትንሽ አሰፋው፣ ደግሞ አሰፋው፣ በመጨረሻ ቀጥ ብሎ ሄደ። ይሮጣል ብዬ ነበር፤ መሮጥ አልቻለም፣ ተራመደ። ወደ ኋላ አላየም። ያን ያህል የከሳ እንስሳ አድኖ በልቶ ተርፏል ብዬ ራሴን አላታልልም። ማሽላው ውስጥ ሲገባ አገዳው ጥቂት ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ነፋሱ ይሁን እሱ መለየት አቃተኝ።

በመመለሻዬ ውሸት ሳሰናዳ መጣሁ። በጥሶ አመለጠ ልላት ነበር። ሰንሰለቱን ግን መንገድ ላይ መጣል ከብዶኝ ይዤው ነው የገባሁት፣ ሙሉውን፣ አንድ ቀለበት ሳይጎድል። ሚስቴ ቀድማኝ ደርሳለች። የአጥንቱን ከረጢት እንደያዘች በክቡ መንገድ መሃል ቆማለች።

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። አደራዬን በላህ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ሰንሰለቱን አንዴ ብቻ አየችው፤ ከዚያ ያየችው ፊቴን ነው። ከረጢቱን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ሁልጊዜ ፍቺው ስትለኝ ኖረሃል» አለች። «አንድ ቀን ግን እጅህን ዘርግተህ አልፈታኸውም። የልጅህ አደራ ስለሆነ ነው። እሱ በሕይወት ቢኖር ዛሬም አትፈታውም ነበር።»

ሰንሰለቱን በእጄ ላይ ጠቀለልሁት።

«መቼ ሰማህ?»

«በሰኔ» አልኋት።

ነጠላዋን ከራሷ አወረደች፤ ጥለቱን ወደ ላይ አዙራ፣ ለሐዘን እንደሚደረገው ዘቅዝቃ ለበሰችው። ክረምቱን ወደ ኋላ እየተመለሰች ስታስበው በፊቷ ላይ አየሁት። የኔን ዓይን አየች፣ አጎነበሰች፣ ደግሞ አየች።

«ያ ሁሉ ብየዳ አልነበረም» አለች።

«አልነበረም።»

«ብቻህን?»

ሽማግሌዎቹ ክረምቱን ሙሉ ሲጠብቁ የነበረው እሷን የሚይዛትን ሰው ነው። እሷ ሰንሰለቱን ከእጄ ተቀብላ መሬት አስቀመጠችና፣ በሁለት እጇ እኔን ያዘችኝ። ሐጃ ከግንቡ ማዶ መጀመሪያ የሰሙት ልቅሶ የእኔ ነው።